ተኝቶ የሚውል ሰው ምን ያህል ምግብ ያስፈልገዋል?



በቅርቡ የታመሙ እናት ለመጠየቅ ወደ አንድ ቤት ሄደን ነበር። እኚህ የ65 ዓመት እናት ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ ሦስት ወር ሆኗቸዋል። የልጆቻቸውን ኺድማ አይተን ማሻአላህ ሳንል አላለፍንም። አንሶላው ንጹሕ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጧቸዋል፤ ሌሊቱን በተራ አብረዋቸው ያድራሉ። ዓይናችን ያረፈው ግን በእጃቸው ላይ ነበር። ክንዳቸው ከመክሳቱ የተነሣ፣ ከአንጓቸው አልወልቅ ይል የነበረው አምባር እስከ ክርናቸው ድረስ ይንሸራተታል።

"ለመሆኑ ምን ይመገባሉ?" ብለን ታላቋን ልጅ ጠየቅናት።

"ጠዋትና ማታ ሻይ፣ ቀን ሁለት ብርጭቆ ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ማታ ደግሞ ሾርባ" አለችን። "እማ እኮ ተኝታ ነው የምትውለው። አትሠራ፣ አትንቀሳቀስ፤ ምግብ ቢበዛባት የት ታደርገዋለች?"

ይህ አባባል የዚያ ቤት ብቻ አይደለም። በብዙ ቤት ሰምተነዋል፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ራሳችን አንድ ወቅት ብለነዋል። የሚመነጨውም ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ ነው፤ "እንዳይከብዳቸው" ከሚል። ሆኖም ስሕተት ነው። ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ ደግሞ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ወረቀት ማስላት ይቻላል። የዛሬው ጽሑፋችንም ይህንኑ ስሌት ይመለከታል።

በቅድሚያ፣ ሰው ጋደም ብሎ ጣቱን እንኳ ሳያንቀሳቅስ ሲውል በውስጡ ምን እንደሚሠራ እንይ። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ገደማ ቢመታ በቀን ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ይመታል። ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚህም አብዛኛውን ወደ ደም መልሰው በሽንት የሚያስወጡት አንድ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። አንጎል ሌሊትም አይተኛም። ጉበት የገባውን ይቀይራል፣ ያከማቻል፣ መርዙን ያስወግዳል። እያንዳንዷ ሕዋስ በውስጧና በውጭዋ ያለውን የጨው መጠን ለማስተካከል ያለማቋረጥ ታስገባለች፣ ታስወጣለች። ያረጀው ይፈርሳል፣ በምትኩ አዲስ ይገነባል። በዚህ ሁሉ ላይ የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ መጠበቅ አለበት።

ጉዳዩን በሱቅ ብንመስለው ይቀላል። ባለሱቁ በሩን ዘግቶ ቢውልም ኪራዩ፣ የጥበቃው ደሞዝና የማቀዝቀዣው መብራት አይቀርለትም። ሰውነትም እንዲሁ ነው። የሚገርመው ደግሞ ትልቁን ሒሳብ የሚያስከፍሉት ትንንሾቹ አካላት መሆናቸው ነው። አንጎል 1.4 ኪሎ ያህል ቢመዝን ነው፤ ነገር ግን በዕረፍት ጊዜ ከምናወጣው ኃይል አንድ አምስተኛውን ገደማ ይወስዳል። ጉበትም እንደዚያው። አንጎል፣ ጉበት፣ ልብና ሁለቱ ኩላሊቶች ተደምረው ከሰውነታችን ክብደት 6 በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ከዕረፍት ወጪያችን ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚያቃጥሉት እነሱ ናቸው። እንግዲህ ከእነዚህ አካላት አንዳቸውም ሰውየው ተኝቷል ብለው ሥራ አያቆሙም።

ከባድ የጉልበት ሥራ የማይሠራ ሰው በቀን ከሚያወጣው ጠቅላላ ኃይል ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚደርሰው በዚሁ በዕረፍት ወጪ ያልቃል። መራመዱ፣ መሥራቱ፣ መሮጡ ሁሉ የሚሸፈነው በቀሪው ነው። አልጋ የያዘ ሰው የሚቆጥበውም ይህንኑ ቀሪውን ብቻ ነው።

ይህን የደረሱበት እንዴት ነው? ነገሩ ረዥም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ፈረንሳዊው ላቮዚዬ ከባልደረባው ከላፕላስ ጋር ሆኖ፣ የአይጥ ዘመድ የሆነች አንዲት ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ከሰውነቷ የሚወጣው ሙቀት ምን ያህል በረዶ እንደሚያቀልጥ የቀለጠውን ውሃ በመመዘን ለካ። መተንፈስ እንደ እሳት መንደድ ያለ፣ ነገር ግን ዝግ ያለ ቃጠሎ መሆኑን ያስተዋለው በዚህ ጊዜ ነው። ኋላም በዕረፍት ላይ ያለ ሰው የሚስበውን ኦክስጅን ለካ። (ይህ ታላቅ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1794 በአብዮቱ ዘመን አንገቱን ተቆርጦ ሞቷል።)

ዛሬም የሚለካው በዚያው መንገድ ነው። ሰውየው ማታ በልቶ 12 ሰዓት ያህል ምንም ሳይቀምስ ያድራል። ጠዋት ሳይደክም፣ ሳይበርደውና ሳይሞቀው፣ ነቅቶ ግን ተጋድሞ እያለ የሚተነፍሰው አየር ይመረመራል። መካከለኛ ቁመና ያለው ሰው በዕረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ሩብ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይጠቀማል። ይህ በቀን 360 ሊትር ይሆናል። አንድ ሊትር ኦክስጅን ምግብን ሲያቃጥል 4.8 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ሲባዛ 1,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል መጣ ማለት ነው።

ኪሎ ካሎሪ የሚለው ቃል ለማያውቀው ሰው እንግዳ ነውና እንግለጸው። የ1 ኪሎ ውሃን ሙቀት በ1 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ኃይል ነው፤ በተለምዶ "ካሎሪ" ብቻ ተብሎ ይጠራል። አዲስ አበባ ላይ፣ ከፍታው ከፍተኛ በመሆኑ፣ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለውን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ አፍልቶ ለማድረስ 1,440 ካሎሪ ይበቃል። ማለትም አንድ ጎልማሳ ሰው ምንም ሳይሠራ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ቢውል፣ ሰውነቱ የሚያነደው አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ የሚያፈላ ማገዶ ነው። ይህን ለዚያች ልጅ ስንነግራት፣ ውሃ መቅዳትም ማፍላትም ምን እንደሆነ ታውቃለችና፣ ዝም ብላ አየችን።

ሁሉም ሰው በመሣሪያ ሊለካ አይችልም። ስለዚህ መገመቻ ቀመር አስፈለገ። ከቀመሮቹ ሁሉ የታወቀውን እ.ኤ.አ. በ1919 ያወጡት አሜሪካውያኑ ሐሪስና ቤኔዲክት ናቸው። ቤኔዲክት በቦስተን የሥነ ምግብ ቤተ ሙከራ ይመራ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ሐሪስ ደግሞ የዕፀዋት ተመራማሪና በስታቲስቲክስ የተካነ ነበር። የ136 ወንዶችንና የ103 ሴቶችን ልኬት ይዘው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ጾታ የዕረፍትን ወጪ እንዴት እንደሚወስኑ አሰሉ። ቀመራቸው ከመቶ ዓመት በኋላም በሆስፒታሎች ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ሚፍሊን፣ ሴንት ጀኦርና ባልደረቦቻቸው 498 ጤነኛ ሰዎችን ለክተው ቀለል ያለ ቀመር አወጡ። ለቤት የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክብደትን በኪሎ ወስደን በ10 እናባዛለን። ቁመትን በሳንቲ ሜትር ወስደን በ6.25 እናባዛለን። ሁለቱን እንደምራለን። ዕድሜን በ5 አባዝተን ከድምሩ እንቀንሳለን። በመጨረሻ ለወንድ 5 እንጨምራለን፣ ለሴት 161 እንቀንሳለን።

አንድ የ40 ዓመት አባወራ 65 ኪሎ ቢመዝንና ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 650 ሲደመር 1,062.5፣ ሲቀነስ 200፣ ሲደመር 5፤ ውጤቱ 1,517 ካሎሪ ገደማ ነው። በሐሪስና ቤኔዲክት ቢሰላ 1,540 ይሆናል። ተቀራራቢ ነው። ቀመር የሚሰለቸው ሰው ደግሞ በአንድ ኪሎ ክብደት በሰዓት 1 ካሎሪ፣ ለሴት 0.9 አድርጎ ቢይዝ ብዙም አይርቅም፤ 65 በ24 ሲባዛ 1,560 ነው።

አሁን ወደ እናታችን እንመለስ። ከመውደቃቸው በፊት በጤና ጣቢያ ሲመዘኑ 50 ኪሎ ነበሩ፤ ቁመታቸው 155 ሳንቲ ሜትር ነው። 500 ሲደመር 968.75፣ ሲቀነስ 325፣ ሲቀነስ 161፤ 983 ያህል መጣ። በአሮጌው ቀመር 1,116 ይሆናል። ሁለቱ ቀመሮች በ130 ካሎሪ ገደማ መለያየታቸው ግምት ግምት መሆኑን ያሳያል። ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ስሕተቱ ከ10 በመቶ ብዙም ባይበልጥም፣ አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየው ነገር ብዙ ነው። ስለዚህ ለሳቸው ከ980 እስከ 1,120 ብለን ያዝን። ይህ እንግዲህ ተኝተው ብቻ ነው፤ የሚሽር አጥንት፣ የሚያሰጋ የጀርባ ቁስል ሳይጨመርበት። ትኩሳት ቢነሣ ደግሞ ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ጭማሪ ወጪው ከ10 እስከ 13 በመቶ ከፍ ይላል።

የሚገባው ምን ያህል ነው? ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን ቆጠርነው። ሁለት ብርጭቆ ሻይ፣ በየአንዳንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ በጠቅላላ 65 ካሎሪ ገደማ። አጥሚቱ፣ በብርጭቆ 30 ግራም ያህል ዱቄትና ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ ሁለቱ ብርጭቆ ወደ 275። ሾርባው ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ ትንሽ ድንች ቢገኝ 200። ድምሩ 540 ነው። ከዕረፍት ወጪያቸው ግማሽ ያህል ብቻ መሆኑ ነው!

በየቀኑ የሚጎድለው ወደ 500 የሚጠጋ ካሎሪ ከየት ይመጣል? ከራሳቸው ገላ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል፤ 500 በ30 ቀን 15,000 ነው፤ በወር ወደ ሁለት ኪሎ መሆኑ ነው። ስብ ብቻ ቢሄድ ባልከፋ። ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። አጥንታቸው ሲጠገን ቆመው የሚራመዱበት ጡንቻ ይኸው ነው።

"ታዲያ ሰውነት ይለምደዋል ይባል የለም?" ብሎ ታናሽየው ልጅ ጠየቀን። ጥያቄው ጥሩ ነበር። ይለምዳል፣ ግን በምን ዋጋ? እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ እስከ 1945 መጨረሻ ድረስ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ይዞ በጦርነቱ የተራቡትን የአውሮፓ ሕዝቦች እንዴት ማገገም እንደሚቻል አጥንቶ ነበር። ወጣቶቹ ለ24 ሳምንታት ያህል በቀን 1,570 ካሎሪ ገደማ ብቻ እየበሉ ከክብደታቸው ሩቡን አጡ። የዕረፍት ወጪያቸውም በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ከፊሉ የወረደው ሰውነታቸው ስላነሰ፣ ከፊሉ ደግሞ የቀረው አካል ራሱ ስለቆጠበ ነው። ቁጠባው ሲታይ ግን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በሞቃት ቀን ይበርዳቸው ነበር፤ የልብ ምታቸው ዘገየ፤ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ ቀልዳቸውና ጨዋታቸው ጠፍቶ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ብቻ ሆነ። ሰውነት ለመደ የምንለው እንግዲህ ኪራይ መክፈል ያቃተው ባለሱቅ ዕቃውንና መደርደሪያውን እየሸጠ ሲከፍል እንደማለት ነው።

ይህን ስንጽፍ ለሠርጋቸው ለመቅጠን ብለው በቀን አንዴ ብቻ የሚቀምሱ እህቶቻችን ትዝ አሉን። የ19 ዓመት፣ 52 ኪሎና 160 ሳንቲ ሜትር የሆነች እህት ቀመሩን ብታሰላ 1,264 ታገኛለች። ይህ ከአልጋ ሳትነሣ ነው። ትማራለች፣ ታበስላለች፣ ታክሲ ለመያዝ ትሮጣለች፤ ሁሉም በላዩ ይደመራል። በ600 ካሎሪ ውላ "ለምን ይበርደኛል? ለምን ፀጉሬ ይረግፋል? የወር አበባዬስ ለምን ቀረ?" ብላ ብትጠይቅ መልሱ ከስሌቱ ውስጥ አለ። በተቃራኒው "እኔ አየር ብስብም እወፍራለሁ፣ ሰውነቴ ምንም አያቃጥልም" የሚሉም አሉ። ሲለካ ግን ትልቅ ሰውነት ያለው ሰው በዕረፍት የሚያወጣው ከቀጭኑ ይበልጣል እንጂ አያንስም። (ያልታወቀ የታይሮይድ ዕጢ መዳከም ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያንን ሐኪም በደም ምርመራ ይለየዋል።)

የረመዳን ፆምስ? አንዳንዶች የዕረፍት ወጪን ያዳክማል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በአቡ ዳቢ የተካሄደ ጥናት በረመዳንና ከረመዳን በኋላ የተለካው የዕረፍት ወጪ በአማካይ ጉልህ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። ነገሩ ብዙም አያስገርምም፤ ከላይ እንዳልነው መለኪያው ራሱ የሚወሰደው ሰውየው ለ12 ሰዓት ያህል ሳይበላ ቆይቶ ነው። በረመዳን የሚከብደን ሰው ካለ ነገሩን ከሰውነቱ መዳከም ሳይሆን ከአፍጥር ሳምቡሳ ዘይት ቢፈልገው ይሻላል። ለታመመ ሰው ግን ሸሪዓው ራሱ ፈቃድ ሰጥቶታልና እንደ እኚህ እናት ያሉትን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አናስገባም።

ስለ ዕድሜም አንድ ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ29 አገሮች የተሰበሰበ ከ6,400 በላይ ሰዎችን የያዘ ጥናት ታትሞ ነበር። የሰውነት መጠን ሲስተካከል፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የምናወጣው ኃይል ብዙም እንደማይለወጥ፣ ከ60 በኋላ ግን በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አገኙ። የአንድ ዓመት ሕፃን ደግሞ ለሰውነቱ መጠን ከትልቅ ሰው በ50 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ "አርባ ሞላኝ፣ ሰውነቴ ሰነፈ" የሚለው ማመካኛ ብዙም አያዋጣም።

ለእናትየዋ ያልናቸው ይህን ነበር። የምግቡን ብዛት ሳይሆን ውፍረቱን ጨምሩ፤ ሆዳቸው ትንሽ ነውና። አጥሚቱ በውሃ ብቻ ከሚሆን በወተት ይሁን፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ቢደረግበት ከ100 ካሎሪ በላይ ይጨምራል። እንቁላል አንዱ ከ70 እስከ 80 ይሆናል፤ ጡንቻ የሚጠግነውንም ይዟል። ሹሮና ምስር ቀጠን ተደርገው ይቅረቡ። በቀን ሦስቴ ከሚሆን ስድስቴ ጥቂት ጥቂት ይሁን። ነገር ግን በአንድ ቀን አይሁን። ለረዥም ጊዜ የተጎዳ ሰው በድንገት ብዙ ቢመገብ በደሙ ውስጥ ያሉት ጨዎች ተዛብተው ለአደጋ ሊዳርገው ይችላልና በየጥቂት ቀኑ ከፍ እየተደረገ፣ ሐኪማቸውም እያወቀው ይሁን። ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከሆነ ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቁ ምንም መለወጥ አይገባም።

ክብደታቸውን ማወቅ አስፈለገ። ቆመው መመዘን አይችሉም። ታናሽየው ልጅ ከጎረቤት ሚዛን አምጥቶ፣ የተሰበረው ጎን እንዳይነካ እህቱ ከሥር እየደገፈች በቀስታ አቅፏቸው ወጣበት፤ 108 ኪሎ አለ። ብቻውን ሲወጣ 64። እናቱ 44 ኪሎ ቀርተዋል። ልጁ ሚዛኑ ላይ እንደቆመ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው።

ታላቋ ልጅ በልጇ ደብተር ላይ በ44 ኪሎ አስልታ 923 ስታገኝ፣ "ቀንሷል እኮ! እንግዲህ ያነሰ ምግብ ይበቃታል ማለት ነው?" አለችን። ያነሰው እናትየዋ ስላነሱ ነው አልናት። መመለስ የሚፈለገው ወደነበሩበት ነውና ስሌቱ በ50 ኪሎው ይሁን ብለን፣ 923ን ሰርዛ በላዩ 983 ጻፈች፤ ከሥሩም "ከትኩሳት ነፃ ሲሆኑ" ብላ ጨመረች። ገጹን ቀዳ አልጋው ራስጌ ላይ ለጠፈችው። በየሁለት ሳምንቱ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ልጁ እያቀፋቸው ሊመዝናቸው ተስማምተው ተለያየን። አላህ ሺፋቸውን ይስጣቸው።